የመታጠቢያ ቤቷ አራስ

ጥቅምት 4

ጠዋት ጋዜጣ አነበብኩ። የፊት ገጹ ላይ ሦስት ስህተት፣ አንዱ ርዕሱ ውስጥ። ማተሚያ ቤቱ በጡረታ ካሰናበተኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ የአራሚነት ቀዩ እስክሪብቶ ግን አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ሰው ጡረታ ይወጣል፣ አመል አይወጣም።

አራት ሰዓት ገደማ ከጓሮ ጩኸት። ታላቅ እህቴ። ሮጥኩ... ማለትም ፈጠን ብዬ ተራመድኩ፣ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በሎሚው ዛፍና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል ሸረሪት ተንጠልጥላለች። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላት፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል። እትዬ የእኔን እርጥብ ሸሚዝ እንደ ጋሻ ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

«አንሳልኝ!»

«ምኑን?»

«እሱን! ያንን!... አታየውም?»

ስሙን እንኳ አትጠራም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አዋላጅ ነርስ የነበረች ሴት! መብራት በጠፋበት፣ ሐኪም በሌለበት፣ አንዴ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር አዋልዳለች። ደም አይታ ደንግጣ አታውቅም። ሸረሪት ስታይ ግን ያ ሁሉ ወኔ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል።

ብርጭቆና ካርቶን አመጣሁ። የቤታችን ደንብ ነው፦ ያልለመድነው ፍጥረት ሲገኝ እሷ ትጮኻለች፣ እኔ ብርጭቆ እደፋበታለሁ፣ ካርቶኑን ከሥር አስገብቼ አጥር ድረስ እሸኛለሁ። ይቺን ግን ጠጋ ብዬ ሳያት እጄ ታሰረ። ድሯ መሃል ነጭ የተጥመዘመዘ መስመር ሠርታለች። ያጠራጠረኝ ቃል ሥር የማሰምረው መስመር፣ ቁርጥ! በሙያ ባልደረባ ላይ ብርጭቆ እንዴት ይደፋል?

«ልብሱን በዚያኛው ገመድ አስጪው» አልኳት። አስተያየቷን ባልጽፈው ይሻላል።

ምሳ ላይ፣ ከሳህኗ ቀና ሳትል፦ «ደላላው ነገ ይመጣል።»

«የምን ደላላ?»

«የቤት ነዋ። ልጄ ካለችበት ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ተገኝቷል፣ ይሄን እንሽጠውና እንግባ አላልኩህም?»

አላለችኝም። ብላኝም ይሆናል፣ ጋዜጣ ሳርም።

«እሺ» አልኩ።

እሺ? አባታችን ያሠራው ቤት፣ የተወለድኩበት፣ ሎሚውን በእጄ የተከልኩበት... በአንድ እሺ? የሰው ዓረፍተ ነገር ሳቃና ኖሬ የራሴን አንዲት ቃል ማውጣት ያቅተኛል።

ጥቅምት 5

ደላላው መጣ። ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ ሲጠራ ሌላውን ያነሳል።

«አቤት ግቢ! አቤት አየር! ጋሼ ሙት፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አያረጅም!» አለና ዞር ብሎ ፊቴን አየ። ጨዋታውን ቀየረ።

ሎሚው ሥር ስንቆም ኮሌታው ላይ ጭራሮ ወደቀ። እትዬ ሥርዓት የምታውቅ ሰው ናት፤ ልታነሳለት እጇን ዘረጋች። ጭራሮው ተራመደ።

ሁለቱም እኩል ጮኹ። ሁለቱም ስልኮች ወደቁ። እንግዳውን በብርጭቆ ያዝኩት፤ ጭራሮ መስሎ የሚኖር ነፍሳት ነው። ሲጨነቅ እንደ እንጨት ድርቅ ብሎ፣ ማንም ምንም እንዳይጠይቀው ዝም ይላል። አወቅኩት። ዘመዴ ነው።

እግሮቹን ቆጠርኩ። ስድስት። ልክ ነው፤ ነፍሳት ስድስት፣ ሸረሪት ስምንት። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያወቅኩት ደግሞ በውርደት ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ማተሚያ ቤታችን ለአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ አተመ። ገጽ 41፦ «ሸረሪት ስድስት እግር አላት።» አራሚ፦ እኔ። ያን ቀን ምን ሳስብ እንደዋልኩ እንጃ፣ ዓይኔ ሥር አለፈ። አንድ ሙሉ የአምስተኛ ክፍል ትውልድ በእኔ ጦስ የሸረሪትን ሁለት እግር ቀንሶ አደገ። ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ማንን?

ጥቅምት 9

ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ግቢው በእንግዳ ተጨናንቋል። ደጃፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ሁለት እጇን አጣጥፋ እንደ ጸሎተኛ ቆማለች። ጸሎቷ ሲሰማ ዝንብ ትበላለች። ቧንቧው ሥር ጀርባው እንደ ዘይት የሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ አለ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በስብሰባ ንግግሮች ውስጥ ሁለት መቶ ጊዜ ሳላርም አልቀርም። ዛሬ ባለ ቢጫዋ ፊት ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅኩ። አንበሳ የለም። አንዲት ዝንብ መጣች፣ እሷም አመለጠች።

ካርድ ጽፌ ሎሚው ላይ በክር አንጠለጠልኩ። «አይነካ።»

«ይሄ ምንድን ነው?» እትዬ፣ ከበሩ ሳትወጣ።

«ማስታወሻ።»

«ለማን?»

«ለሚነካ።»

«ሰው ሊገዛው በሚመጣ ቤት?» ረጅም አስተያየት አየችኝ። ምጥ ያዘኝ የምትልን ሴት የምታይበት አስተያየት ነው... እውነት ነው ወይስ ገና ነው እንደማለት።

ጥቅምት 14

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች። ባልና ሚስት፣ ሜትር ይዘው። ሚስትየው ሁሉንም ነገር ለካች። መስኮቱን፣ በሩን፣ እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር እኔ ተቀምጬበት እያለሁ።

«ጓሮውንስ?» አለች።

«ጓሮው ትንሽ...» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩም። ለምን አልጨረስኩም?

ሴትየዋ ቀጥ ብላ በፊቷ ድሩ ውስጥ ገባች። ባለ ቢጫዋ፣ ነፍስ ይማር ልል ስል ነፍሷ አልወጣችም፣ የሴትየዋ ሻሽ ላይ ወጥታ ቆመች። ባልየው «አትንቀሳቀሺ!» እያለ እሱ ራሱ እስከ መኪናው ድረስ ተንቀሳቀሰ። ሸረሪቷን አውርጄ ቅርንጫፏ ላይ መለስኳት። ሜትሩን ሳይጠቀልሉ ሄዱ፤ ከኋላቸው እየተጎተተ ከበሩ ወጣ።

እትዬ፦ «ለምን አላስጠነቀቅካቸውም?»

«ካርድ አለ።»

«አንተ ልጅ!»

ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አሁንም «አንተ ልጅ»።

ጥቅምት 17

እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ ይሻላል። በሥራ ክፍፍላችን ምግብ የእሷ ነው፣ መጥረግ የእኔ። ደላላው ከመጣ ወዲህ መጥረጊያ አልነካሁም። የበረንዳውን መብራትም ሌሊቱን ሙሉ አላጠፋም፤ የእሳት ራት ይሰበሰባል፣ ጥንዚዛ ይሰበሰባል። ትናንት አውራ ጣቴን የሚያህል ባለ ቀንድ መጥቶ የበሩ መርገጫ ላይ እንደ ዘበኛ ተጎልቶ አደረ።

ምንም አላደረግኩም። ያደረግኩት ነገር አለማድረግ ብቻ ነው። በሕግ ይህ ምን ይባላል? ሕግ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አርሜያለሁ፣ አላስታውስም።

«አልፈልግም» ማለት አንዲት ቃል ናት። ለምን እነዚህን ሁሉ ፍጥረቶች አሸከምኳቸው?

ጥቅምት 20

ሁለተኛው ገዢ። የብረታ ብረት ነጋዴ፤ ድምፁም ብረት ነው። ባለ ቀንዱ ጥንዚዛ መርገጫው ላይ ነበር። ነጋዴው ረገጠው። ወደ ታች እንኳ አላየም። ድምፁ... ተወው።

ቤት ውስጥ አንዲት ነገር አልጠየቀም። እትዬ ከልጇ ጋር በስልክ ስታወራ እኔን ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ጋሼ፣ እኔ መሬቱን ነው። ቤቱ ይፈርሳል። ይቺ ሎሚ እዚህ ጋ ነው ያለችው? እዚህ ጋ መጋዘን ነው የማቆመው።» ባለ ቢጫዋን አያት። «ይሄንንስ ለጌጥ ነው የምታስቀምጡት?»

ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ ውል ይዞ ይመጣል። ደላላው በደስታ ሁለቱንም ስልኮች በአንድ ጊዜ አነሳ።

ቤቱ እንደሚፈርስ ለእትዬ አልነገርኳትም። «እሺ» ብያለሁ፣ ከእሺ በኋላ ምን ይባላል? የጥንዚዛውን ቅርፊት ሎሚው ሥር ቀበርኩት። ስልሳ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ጥንዚዛ ቀበርኩ።

ጥቅምት 22

ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት የእትዬ ድምፅ፦ «ና እስቲ።»

አልጮኸችም። ለዚህ ነው የደነገጥኩት። ብርጭቆና ካርቶኔን ይዤ ደረስኩ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ የማንበቢያ መነጽሯን አድርጋ፣ የእጅ ባትሪ ወደ ጣሪያው ጥግ አብርታ። እዚያ እግረ ረጅም ሸረሪት አለች፣ ትንፋሽ የሚሰብራት የምትመስል።

«ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ አየኋት። አፏ ላይ የያዘችው ምንድን ነው?»

«እንቁላሎቿ ናቸው። በድር ጠቅልላ እስኪፈለፈሉ ትሸከማቸዋለች።»

«በአፏ? ታዲያ በምን ትበላለች?»

«አትበላም።»

«እስከ መቼ?»

«ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት...»

 ባትሪውን ዝቅ አደረገችው፣ ዓይኗን እንዳይወጋት። የሸረሪቷን ዓይን ማለቴ ነው።

«መቼ ነው መጀመሪያ ይዛ ያየሃት?»

«ሐሙስ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አይባልም። ሐሙስ ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«... ጠዋት። ጥርሴን ስፋቅ።»

«ያን ብርጭቆ ከፊቷ አንሳው።»

ከምሳ በኋላ መመሪያ ወጣ። ሙቅ ውሃ ተከለከለ፤ እንፋሎት አይስማማትም። ማን ነገረሽ ብላት፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት» አለች። ገላ መታጠብ ኩሽና ውስጥ፣ በሳፋ። በሩ ቀስ ተብሎ ይዘጋል። መዝፈን የለም። ዘፍኜ አላውቅም፤ ግን ተከለከለ።

ጥቅምት 25

በቀን ሁለት ጊዜ ትጎበኛታለች፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ከሰዓት አሥር ሰዓት። ከኮሪደር ይሰማኛል።

«አይዞሽ የኔ እናት። ምን ቀረሽ? ትንሽ ነው የቀረሽ። ጎበዝ...»

እኔን በሕይወት ዘመኔ አንድ ጊዜ ጎበዝ ያለችኝ፣ ትርፍ አንጀቴ ሲወጣ ነው።

አሁንም ትፈራታለች፣ ልብ ብዬ አይቻለሁ። ሁለት እርምጃ ርቃ፣ አንድ እጇን የበሩ መዝጊያ ላይ አድርጋ ነው የምታጽናናት። ፍርሃቱ አለቀቃትም፤ ሥራዋ ግን ከፍርሃቷ ቀደመ።

ሻይ ላይ የቆየ ወሬ አነሳች። አንዴ ባለሥልጣን ሆስፒታሉን ሊጎበኝ ሲመጣ፣ ኃላፊው ምጥ ላይ ያለችን ሴት ከዋናው ክፍል ወደ ጓዳ አዛውሩልኝ ብሎ ነበር፣ እንዳትጮኽ።

«እና?»

«በሩ ላይ ቆምኩ። የያዛትን ሴት ከአልጋ ወደ አልጋ አላዛውርም። በዚያ ዓመት እድገት ቀረብኝ።»

«አትቆጪም?»

«መንታ ነበሩ እኮ!» አለች፣ መልሱ ይኸው ነው በሚል ድምፅ።

«ቅዳሜ ነጋዴው ይመጣል» አልኳት።

ሻይዋን አማሰለች። ስኳር አልጨመረችም ነበር።

ጥቅምት 28



ነጋዴው ውሉን ይዞ መጣ፣ ደላላው ከኋላው። እኔና እትዬ እንድንፈርም ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፤ ቤቱ በሁለታችን ስም ነው። ሁለት የአጻጻፍ ስህተት ከሩቅ አየሁ። ከመፈረሙ በፊት የውሃ መስመሩ በየት እንደሚገባ ልይ ብሎ ነጋዴው ወደ መታጠቢያ ቤት አቀና። እትዬ ቀደመችው። በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደቀደመችው አላውቅም። ሁለት እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች።

«አይገባም።»

«ሰው አለ እንዴ?»

«ሸረሪት አለች። እንቁላል ይዛለች፣ አሥረኛ ቀኗ ነው። አትረበሽም።»

ደላላው ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም። ደላላው መሳቁን አቆመ።

«እመቤቴ» አለ ነጋዴው፣ «በአንድ ጫማ የሚያልቅ ጉዳይ እኮ ነው!»

«እኔ ባለሁበት ወላድ ላይ ጫማ አይነሳም።»

«ለማንኛውም ቤቱ ይፈርሳል! አንድ ሸረሪት ዛሬ ሞተች፣ ከወር በኋላ ሞተች...»

«ይፈርሳል?» እጇን ሳታወርድ ወደ እኔ ዞረች። «ይፈርሳል ነው ያለው? ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ዝም አልክ?»

ነጋዴውም ወደ እኔ ዞረ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሯት እንጂ! እንደ ወንድም!»

ሁሉም አየኝ። ጭራሮው ትዝ አለኝ፣ ድርቅ ብሎ የሚያመልጠው። እሱ ኮሌታ ነበረው፤ እኔ የምለጠፍበት የለም።

«አልፈልግም» አልኩ።

«ምኑን?»

«መሸጡን። መጀመሪያም አልፈለግኩም። አልፈርምም።» ከዚያ፣ አንዴ ከተጀመረ ብዬ፣ «ውሉም ላይ ሁለት ስህተት አለ።»

ነጋዴው ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ደላላው በሩ ላይ ቆየት ብሎ ወደ እትዬ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፦ «እማማ... መቼ ነው የምትገላገለው?» ቀን ቀጠሮ ይፈልጋል፣ ሥራው ነው።

ሲሄዱ ተቀመጥን።

«ለመሆኑ አፍህን ምን ለጎመው?» አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ! ካርድ ያንጠለጠልክ ቀን አውቄያለሁ። ይናገር እንደሆነ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ... ስምንት እግር ያላት ጠበቃ አቁመህ አንተ ከኋላዋ ተደበቅክ!»

«አንቺስ ለምን ፈለግሽ? እውነቱን።»

ጉልበቷን አሻሸች። «ጉልበቴ ነው» የምትለኝ መሰለኝ።

«አንተ ቀድመህ ብትሄድስ? እኔ እዚህ ከነዚህ ጋር ብቻዬን... ብርጭቆውን ማን ይደፋልኛል?»

 አልቀድምም ተብሎ ቃል አይገባም፣ ማረጋገጫ የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። ብርጭቆውንና ካርቶኑን አምጥቼ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት። በባዶ ጠረጴዛ ላይ፣ በስኳር ማንኪያ። አራት ጊዜ ተለማመደች። በአራተኛው ማንኪያው አላመለጠም።

ጥቅምት 29

ለልጇ ደወለች። «አንመጣም። ኋላ እነግርሻለሁ፣ አሁን ሰዓት ደርሶብኛል።» አሥር ሰዓት ነበር።

ኅዳር 6

ተገላገለች!!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ የክፍሌን በር በእግሯ ከፍታ ገባች፣ ሁለት እጇ ተይዟል፤ በአንዱ ባትሪ፣ በአንዱ የድሮ የወሊድ መመዝገቢያ ደብተሯ። ከአልጋዬ አስነሳችኝ። የመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ ነጥብ የሚያህሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ እናታቸውን ከበው የተንጠለጠሉ...

«ቁጠር» አለችኝ። «የኔ ዓይን አይችልም።»

ሃያ ሰባት። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ጻፈች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሃያ ሰባት፣ እናት ደክማለች፣ ደህና ናት። «ክብደት» የሚለው ላይ ትንሽ አሰበችና ሰረዝ አደረገች።

«እግራቸው ሙሉ ነው?»

አዋላጅ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ነው፣ ጣትና እግር። ለእኔ ግን...

«ስምንት ስምንት» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አልሳሳትም።»

ሳይንስ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረድኩት። ገጽ 41። በቀዩ እስክሪብቶ «ስድስት»ን ሰርዤ «ስምንት» ጻፍኩ። የቀሩት ሺህ ቅጂዎች እንዳሉ ናቸው። ቢሆንም።

ኅዳር 16

ጠረግኩ። ኮሪደሩን፣ ሳሎኑን፣ በረንዳውን። የበረንዳውም መብራት በጊዜ ይጠፋል። ሦስት ጥግ ብቻ አልጠረግኩም፤ እዚያ ካርድ አለ፣ ጽሕፈቱም የእኔ አይደለም። አንዱ ላይ «ገና ናት»። አንዱ ላይ «ትጠበቃለች»። ሦስተኛው ላይ ቀን ብቻ።

የመታጠቢያ ቤቷ አራስ ሐሙስ ዕለት ዝንብ ያዘች። እትዬ ለእህል ውሃ በቃች ብላ ሙቅ ውሃ ፈቀደችልኝ። ለጥንዚዛ አሁንም ትጮኻለች። ጩኸቱ ግን አጠረ፤ ትናንት ደርሼ ሳይ ብርጭቆው ተደፍቷል፣ እሷ ወንበር ላይ ቆማለች። ካርቶኑን ማስገባት ብቻ ነው የቀረኝ።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ፤ እትዬ አነሳችው። ደላላው። አዲስ ገዢ አለው። ጋዜጣዬን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ።

«አይ ልጄ፣ አሁንስ አይመችም... እሷማ ደህና ናት፣ ተነስታለች። እግዜር ይስጥልኝ... አዎ፣ ልጆቹም። አሁን ደግሞ የኮሪደሯ ይዛለች... እኔ እንጃ፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት... ከእሷ ቀጥሎ የጓሮዋ አለች፣ ባለ ቢጫዋ፣ የሷ ሆድ እንኳ ሳየው ዛሬ ነገ ነው... እሺ፣ እሺ ልጄ፣ ደውል። መደወሉንስ ደውል።»

ስልኩን ዘጋች። ወደ እኔ አላየችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው ያየችው።

«አሥር ሰዓት ሆነ» አለች። «መነጽሬን አምጣልኝ። ያንተንም ያዘው፣ ኮሪደሩ ጨለማ ነው።»